ለእንግሊዝኛ ክፍል የተጻፈች እናት

ጥቅምት 4

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ በጤናዎ ላይ ያግኝዎት። የእትዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱን ግን ገና አልለመድኩትም። በስልክ እንዳላወራዎት እትዬ ከእጅዎ ትነጥቅዎታለች፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ከመጣሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ትምህርት ጀምሬያለሁ። ሒሳቡ ቁጥር ስለሆነ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው፤ ይህን ለእርስዎ መጻፍ ራሱ ያሳፍራል። ያስተማሩኝ ሰዋስው ሁሉ አለ፤ ግሥ በማርባት ከክፍሉ ልጆች እበልጣለሁ። እዚህ ግን ግሥ የሚጠይቅ የለም። መምህራችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች የምታስተምር ሴት ናት። "ደራሲው ምን አለ?" አትልም። "እንዴት አድርጎ አለው?" ነው የምትለው። ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ አይረኒ... ልጆቹ እጃቸውን ያወጣሉ፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። በዚያ ላይ በየሳምንቱ ከባድ ከባድ ቃላት ይሰጡንና ዓርብ ዓርብ ይፈትኑናል። ባለፈው የወደቅሁት "አሉፍ" በምትባል ቃል ነው። የውሻ ጩኸት መስላኝ! ለካ ራሱን ከሰው የሚያርቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሰው ማለት ናት።

ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ ያስተማሩትን ዘይቤ ለእኔም በእርስዎ አነጋገር ቢጽፉልኝ ይገባኛል።

እህትዎ ደህና ናት። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሳልነሳ ትሄዳለች፣ ማታ መጥታ እራት ትሠራለች፣ ትተኛለች። ብዙም አናወራም። አሥራ ሦስት ዓመት ካላዩት ሰው ጋር ምን ይወራል?

ለእትዬ ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ፌንጣዎ

ኅዳር 6

ለልጃችን ለፌንጣ፣

ደብዳቤሽ ቤቱን አሟሟቀው፤ ላኪውን ፈጣሪ ያሙቅልን። ደህና ነን። የእትዬሽ ጉልበት በየቀኑ ደረጃውን ይረግማል፤ ደረጃው ግን እስካሁን አላፈረም። እዩኝ እዩኝ የሚል ምሳሌ ሳልፈልግ መጣልሽ፦ ይህ ሰውኛ ዘይቤ ነው። ግዑዙን ነገር እንዲያፍር፣ እንዲቆጣ፣ እንዲያኮርፍ ታደርጊዋለሽ።

አሁን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን አስቢው። "እንደ ራዲዮ ያወራል" ካልኩሽ ሲሚሊ ነው፤ ተነጻጻሪ እንለዋለን። "ራዲዮ ነው" ካልኩሽ ሜታፎር ነው፤ ተለዋጭ። የመጀመሪያው ሰውየውንና ራዲዮውን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ሁለተኛው ሰውየውን ከወንበሩ አስነሥቶ ራዲዮውን ያስቀምጥበታል። ስለዚህ ደፋሩ ሁለተኛው ነው፤ ሰውየው ቢሰማ የሚቀየመውም በእሱ ነው። ግነትን ከእትዬሽ ታውቂዋለሽ፤ "ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ" ስትለኝ አንድ ጊዜ ነግራኝ ነው።

ከባዱን ቃል ስታጠኚ ትርጉሙን ብቻ አትሸምድጂ፤ ለምታውቂው ሰው አልብሺው። የሚለብሰው ሰው ያገኘ ቃል አይረሳም።

ክፍልሽ እንደነበረ ነው። እትዬሽ በሳምንት አንድ ቀን ትጠርገዋለች፤ ማን እንደሚያቆሽሸው እንጃ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ስለ እንግሊዝኛ መምህርሽ እግር ሳይቀር ጽፈሽልኛል፤ ስለ እህቴ፣ ስለ ገዛ እናትሽ ግን ሁለት መስመር። እስቲ በሚቀጥለው ሚዛኑን አስተካክዪልኝ።

ትምህርቱን ይግለጥልሽ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 9

ለምወድዎት አጎቴ፣

እርስዎም እትዬም ጤና ይብዛላችሁ፤ ደረጃውም ልብ ይግዛ። እኔ ደህና ነኝ።

እንዳሉኝ እያንዳንዱን ቃል ለአንድ ሰው አለበስኩት፤ ፈተናውን ሁለት ዓርብ ሙሉውን አገኘሁ። መምህሯ "ከየት አመጣሽው?" ብትለኝ "አጎቴ ነው" አልኳት። አሁን እጄን አወጣለሁ።

ምፀትን ደግሞ ቤት ውስጥ ተለማመድኩ። እሑድ እህትዎ ምሳ አቅርባ "እንዴት ነው?" አለችኝ። "መዲዮከር" አልኳት። የሳምንቱ ቃል ነው፤ መጥፎ ያልሆነ፣ ጥሩም ያልሆነ፣ እንዲያው ለስሙ ያህል ማለት ነው። እሷ ግን ፊቷ በርቶ "ልጨምርልሽ?" አለችኝ። ጨመረችልኝ። ይኼ አይረኒ አይደለም? የተባለውና የታሰበው ሲለያይ ነው ተብለናል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ልመለስ? የመጨረሻውን ክፍል እዚያው ከድሮ ጓደኞቼ ጋር እጨርሳለሁ። እህትዎ ክፉ ሰው አይደለችም። እንዲህ አድርጋኛለች የምልዎት ነገር የለኝም። ግን ሆቴል ያረፍኩ ይመስለኛል። ፎጣው ታጥፎ ይጠብቀኛል፤ ስወጣ "ደህና ዋዪ"፣ ስገባ "ደህና ዋልሽ"። ከዚያ እሷ ወደ ወጥ ቤት፣ እኔ ወደ መጽሐፌ።

እርስዎ "ነዪ" ካሉኝ እሷም አትከለክለኝም። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ፌንጣዎ

ጥር 28

ለልጃችን፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ከክፉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል፤ መልሱ የዘገየው በፖስታ ቤቱ ጥፋት አይደለም።

በፈተናሽ ኮርቻለሁ። ስለ እሑዱ ምሳ ግን ላርምሽ። ያ ምፀት አይደለም። ምፀት ሰሚው ሲገባው ነው፤ ቆንጠጥ ያደርገዋል፣ እሱም መልስ ይሰጣል። ሰሚው ሊረዳው እንደማይችል እያወቁ የሚሉት ነገር ማሾፍ ይባላል፤ ዘይቤ ውስጥ አይገባም። "ልጨምርልሽ?" ያለችሽን አንድ ቀን ስታስታውሺው እንዳይከብድሽ እፈራለሁ። ከዚህ በላይ አልቆጣም።

ሌላ የምትጠየቂው ማለስለሻ ነው። ሰውየውን ከሥራ አባረሩት ላለማለት "አረፍ በል አሉት" እንላለን። መራራውን ቃል በለስላሳው መጠቅለል ነው። ጠቃሚ ነው፤ ሲበዛ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ይጠፋል።

ብርዱን አልለመድኩትም ብለሽ ነበርና ደረትሽን ሸፍኚ። ሌላውን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እንጨዋወታለን።

አጎትሽ

የካቲት 12

ለአጎቴ፣

ለእርስዎና ለእትዬ ሰላም። ደህና ነኝ።

"ሌላውን ጉዳይ ሌላ ጊዜ" ማለስለሻ ነው አይደል? ትምህርቱ ገብቶኛል። ደግሜ አልጠይቅም።

አሁን የምጠይቅዎት ሌላ ነው። መምህራችን አብሯችሁ ስለሚኖር ሰው ጻፉ አለችን። "እወዳለሁ፣ አዝናለሁ፣ እፈራለሁ ማለት ክልክል ነው፤ በዘይቤ አሳዩኝ" አለች። እኔ አብሮኝ የሚኖር አንድ ሰው ነው ያለኝ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው፦ "እናቴ መብራቱ የበራ፣ በሩ የተዘጋ ሱቅ ናት። በመስታወቱ ሁሉም ነገር በወግ ተደርድሮ ይታያል። የሚሸጥ ግን የለም። እኔ ከውጭ ቆሜ የማይ መንገደኛ ነኝ።" አንድ ገጽ ሙሉ ነው። "አሉፍ" የምትለዋንም ለእሷ አለበስኳት።

መምህሯ ግርጌው ላይ "ግሩም!" ብላ ጻፈችበት። በወላጆች ቀን ከሚነበቡት አንዱ እንዲሆንም መረጠችው። የጥሪ ወረቀቱን ለእህትዎ አልሰጠኋትም። ለመምህሯም "እናቴ ሥራ አይመቻትም" አልኳት። ቀኑ መጋቢት 3 ነው። ስሜ ተመዝግቧል፤ ከክፍሌ ለእንዲህ ያለ ነገር ስመረጥ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ጭንቅ ብሎኛል። ላንብበው ወይስ ይቅርብኝ?

በስልክ አልጠይቅም፤ ስልኩ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ፌንጣ

መጋቢት 1

ለውድ ልጃችን፣

የሰማይ ጌታ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ገባ፤ ይህ በጊዜው እንደማይደርስሽ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ልደውል ብዬ ተውኩት፤ ስልኩን የምታነሣው እህቴ ናት፣ ምን እላታለሁ?

እንደ መምህር ከጠየቅሽኝ፣ ሱቁ ጥሩ ነው። "አሉፍ" ግን ትርፍ ናት፤ በሩን ከዘጋሽው ወዲያ "ቀዝቃዛ ናት" ማለት አያስፈልግም። እንደ አጎት ከጠየቅሽኝ፣ ስለ ሰው የጻፍሽውን መጀመሪያ ለራሱ ለሰውየው አንብቢለት። እሱ ፊት የማይነበብ ከሆነ ሌላ ሰው ፊትም ይቅር።

ሌላውን ጉዳይ ደግሞ ሳላለሰልስ ልንገርሽ። ያልመለስኩልሽ መልስ አጥቼ አልነበረም። ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር እጄ "ነዪ" ብሎ ሊጽፍ ይሮጣል። እትዬሽም "ነዪ በላት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" እያለች ትነዘንዘኛለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሁለት ሽማግሌዎች ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት ስናይ ነው የምንውለው። እናም "ነዪ" የምልሽ ለአንቺ ብዬ ይሁን ለራሴ መለየት አቃተኝ። እስክለይ ዘገየሁ።

እህቴ አንቺን ስትተውልኝ "አደራ" ብላኝ ነው። አደራ ደግሞ ባለቤቱ እስኪመጣ ነው። በደወለች ቁጥር በላች ወይ፣ ተማረች ወይ ብላ አትጀምርም ነበር። "ዛሬ ምን አሳቃት?" ነበር የምትለኝ። አንቺ ስልኩ ላይ መቅረብ እምቢ ስትዪ እኔ ነበርኩ የምነግራት።

ቤቱ ቤትሽ ነው። ከፈለግሽ ነዪ። ከእሷ ለማምለጥ ብለሽ ግን አትምጪብኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 20

ለምወድዎት አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ለእትዬ ናፍቆቴ ይድረሳት። ደብዳቤዎ ከወላጆች ቀን በኋላ ደረሰኝ። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ቁልፌን ቤት ውስጥ ረስቼ በሩ ተቆለፈብኝ። የእህትዎን ቁልፍ ልወስድ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ፤ ሄጄ አላውቅም ነበር። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ምድር ቤት ነው። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ማሽኖቹ ሰው ያህላሉ። በጋሪ የተቆለለ አንሶላ አለ፤ ሴቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጫፍ ለጫፍ ይዘው ያጥፋሉ። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሆዷን ነፍታ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የአለቃቸውን አረማመድ ታሳያለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ፍጠኑ! በሽተኛ ይጠብቃል፣ አንሶላ አይጠብቅም!" ትላለች። ሌሎቹ በሳቅ አንሶላው ላይ ተደፍተዋል። እኔም ሳላውቀው ሳቅሁ። ስትዞር እህትዎ ናት።

እኔን ስታይ ሳቋ እዚያው ቀረ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች "ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። ቁልፍ ነው አልኳት። አብራት የምታጥፈው ሴት "ይቺ ናት ጸሐፊዋ? ልጄ ነግራኛለች። ረቡዕ ታነባለች አይደል?" አለቻት። ለካ ልጇ እኔ ትምህርት ቤት ናት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እህትዎ ግን ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር "አዎ፣ ፈረቃ ልቀይር ነው" አለች፤ ድሮ የምታውቅ መስላ። እኔን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ማታም አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ መጣች። ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጠች። ተጠራሁ። አሞኛል ልል ነበር፤ አፌ ግን ማንበብ ጀመረ። እንግሊዝኛው አይገባትም ብዬ ራሴን አበረታሁ። "አሉፍ" ላይ ስደርስ ዘለልኳት፤ ፊቷን እያየሁ አልወጣ አለችኝ። ሲያልቅ አዳራሹ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። ሰዎች ግን ዞር ዞር እያሉ ያዩዋት ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ስለ እኔ ነው አይደል?" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"'ማይ ማዘር' ይገባኛል እኮ። ደግሞ ሰው ሁሉ አየኝ። በይ ተርጉሚልኝ።"

"ረጅም ነው።"

"ቤታችንም ሩቅ ነው።"

ወረቀቱን አወጣሁ። መጀመሪያ ላሳምረው ሞከርኩ፤ "እናቴ እንደ ብርሃን..." ብዬ ጀመርኩ።

"አትቀባቢው" አለች። "እንደጻፍሽው።"

እንደጻፍኩት አልኩላት። ሱቁን፣ በሩን፣ መንገደኛዋን። በእንግሊዝኛ ቆንጆ ነበር ጋሼ። በአማርኛ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ስለው ስድብ ሆነብኝ። በገዛ ቋንቋዬ ውስጥ መደበቂያ አጣሁ። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

"በሩ ተዘግቷል ያልሽው ገፍተሽው ነው?" አለችኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ፈርቼሽ እኮ ነው" አለች። "ምድር ቤት ስታዪኝ ለፍላፊ ነኝ። እዚያ ስሳሳት ይስቃሉ፣ አብሬ እስቃለሁ፣ ያልፋል። አንቺ ፊት ብሳሳት ግን በምን አልፈዋለሁ? 'ይህን ብላት ትቀየመኝ ይሆን? ይህን ብገዛላት ትጠላው ይሆን?' ስል ይመሻል። በአራት ዓመትሽ የምትወጂውን በደንብ አውቃለሁ። የዛሬውን ማን ይንገረኝ?"

"እኔ" አልኳት።

"በይ ንገሪኝ።"

ስንት ነገር ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው "ካሮት አልወድም" ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ካሮት ያላቀረበችበት ቀን የለም።

"ውይ በሞትኩት!" ብላ ጮኸች፤ ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አየን። "ለካሮት እኮ ታለቅሺ ነበር! ታዲያ ለምን ትበዪዋለሽ?"

"አንቺ ስለሠራሽው።"

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ስትስቅ ነው። ከዚያ ሁለቱም ሆነ። መውረጃችንን አልፈን ሄደን በእግራችን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ የምወደውንና የማልወደውን ስነግራት፣ እሷም የራሷን ስትነግረኝ፣ ቤት ስንደርስ ገና አላለቀም ነበር።

እማዬ ሰላም ብላችኋለች።

ፌንጣዎ

ሚያዝያ 15

ለፌንጣችን፣

ደስታሽን ያዝልቅልሽ፤ ለእናትሽም ዕድሜ ይስጥልን። ደብዳቤሽን ለእትዬሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "እኔ ቤት እያለች ካሮት እንደማትወድ አጥቼው ነው?" ብላ አኩርፋለች፤ እህቴን ልታስተምራት ስልክ ልትደውል ነው። ተጠንቀቁ።

ስለ ዘይቤ የምጨምርልሽ የለኝም።

አንድ የቤት ጉዳይ አለ። የልብስ ሰፊው ሱቅ ጣሪያ ፈርሷል፤ የስፌት መኪናውን ክፍልሽ ውስጥ እንድናስገባለት ይለምነኛል። እሱ አንዴ ከገባ በቶሎ የሚወጣ ሰው አይደለም። እሺ ልበለው ወይስ ቆይ? እትዬሽ "ልጅቷን ጠይቅ" አለችኝ። ይኸው ጠየቅሁሽ።

የፈለግሽውን ጻፊልኝ፤ የማይከፋን አይደለንም፣ ግን እንችለዋለን።

አጎትሽ

ሰኔ 18

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይጥፋ። መልሴ የዘገየው ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው፤ ውጤቱን ሳልይዝ መጻፍ አልፈለግሁም። እንግሊዝኛውን በጥሩ አልፌያለሁ።

ልብስ ሰፊውን እሺ ይበሉት። ይግባ። ይህን ስጽፍ አልቀለለኝም፤ ከልቤ ነው ግን። እማዬ በመጪው ዓመት ዕረፍቷን አጠራቅማ አብረን እንመጣለን ብላለች። እኛ ሳሎን እንተኛለን።

ሌላ ወሬ፦ ትናንት ተጣላን። ልረዳት ብዬ የምትወደውን የሱፍ ሹራብ በፈላ ውኃ አጠብኩት፤ ለአራስ ልጅ የሚሆን ሆኖ ወጣ። ስታየው ጮኸች። "ሙያዬ እኮ ነው! ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?" አለች። እኔም "ደክሞሻል ብዬ ነው! ደግሞ ምስጋና!" ብዬ ጮኽኩ። እሷ ስለ ሹራቡ፣ ከዚያ ስለ ክፍሌ፣ ከዚያ አልጋ ሥር ስለማስቀራቸው ብርጭቆዎች፤ እኔ ደግሞ ስለ ራዲዮዋ ድምፅ። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።

ተያየን። ከዚያ እማዬ ሹራቡን ፊቴ ላይ ዘርግታ፣ በሹክሹክታ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም በሹክሹክታ መለስኩላት። እስክንተኛ ድረስ እንዲሁ ስንጣላ አመሸን።

ፌንጣዎ